ቧንቧው ሳይጠገን ሥዕል የለም፦ የአንድ የአዳማ ትምህርት ቤት አጥር ጉዳይ

ስለ ውሃ ቁጠባ ግድግዳ ላይ የሚሠራ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሁለት እጆች፣ በእጆቹ መሃል ምድር፣ ከላይ አንዲት ሰማያዊ ጠብታ። ከሥር «ውሃ ሕይወት ነው» ይላል። አላፊ አግዳሚው አንብቦት ያልፋል። አባባሉን የሚቃወም የለም። ግን ያንን አይቶ ቤቱ ሲገባ የሚያደርገው አንድም ነገር የለም።

ይህ ጽሑፍ አዳማ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሥዕል ለማሠራት ተጀምሮ መንገድ ላይ ስለተለወጠ ሥራ ነው። ቦታው የአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አጥር ነው። አሠሪዎቹ የሰፈሩ እድር፣ የትምህርት ቤቱ የወላጆችና መምህራን ኮሚቴ እና ጥቂት ወጣቶች ነበሩ። እኔም ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ሰዎቹንም ትምህርት ቤቱንም በስም አልጠራም። ሌላ ሰፈር ወስዶ ሊሠራበት የሚችለው አሠራሩን ስለሆነ እሱን በዝርዝር ልንገራችሁ።

ውሃው ከየት ይመጣል

አዳማ ከቧንቧ የምትጠጣው በዋናነት አዋሽን ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሣል። 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ብዙ ነገር ይገባበታል። አቃቂ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ይዞ ይቀላቀለዋል። የሞጆ ወንዝም ቆቃ ሐይቅ ይገባል። የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ለመብራት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከላይ እየታጠበ የሚመጣው አፈር ግን ሆዱን በደለል እየሞላው ነው። እምቦጭም ቢሆን አገራችን ውስጥ መጀመሪያ ታየ የሚባለው እዚያው ቆቃና አዋሽ ላይ ነው፣ በ1965 እ.ኤ.አ.።

ከግድቡ በታች ውሃው ይሳባል፣ ይጣራል፣ በክሎሪን ይታከማል። ከተማዋ ከወንዙ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ደግሞ በፓምፕ ሽቅብ ይገፋል። ከቧንቧችን የሚወርደው እያንዳንዱ ሊትር መብራት የበላ፣ ኬሚካል የገባበት፣ ገንዘብ የወጣበት ውሃ ነው።

«ታዲያ ለምን ጉድጓድ አይቆፈርም?» የሚል አይጠፋም። መልሱ የብዙ የአዳማና የወንጂ ሰው ጥርስ ላይ ተጽፏል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ውሃ በልጅነቱ እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ይሆናል። መጠኑ በጣም ሲበዛና ዓመታት ሲቆጠሩ አጥንትም ይጎዳል። ስለዚህ የተጣራው አዋሽ ለእኛ በቀላሉ የሚተካ ውሃ አይደለም።

አገሪቱ ያወጣችው መለኪያም አለ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላላቸው ከተሞች በሰው በቀን 80 ሊትር እንዲደርስ ተቀምጦ ነበር። አዳማ በ1999ኙ ቆጠራ 220,212 ሕዝብ ስለነበራት እዚህ ምድብ ውስጥ ትገባለች። 80 ሊትር አራት ቢጫ ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ የሚጠብቅ ቤተሰብ በአንድ ሰው አራት ጀሪካን በቀን ያገኛል ወይ ብላችሁ ጎረቤት ጠይቁ።

የመጀመሪያው ንድፍ

ሐሳቡ የመጣው ከወጣቶቹ ነው። የአጥሩ ግድግዳ ረጅም ነው። ፊት ለፊቱ ባጃጅ ይመላለሳል፣ ጋሪ ጀሪካን ጭኖ ያልፋል፣ ጥግ ላይ ቦኖ አለ። ከዚህ የተሻለ የሚታይ ቦታ ሰፈሩ ውስጥ የለም። እድሩ ትንሽ ገንዘብ መደበ። አንድ የቀለም ነጋዴ ቀለም እሰጣለሁ አለ። አንዲት ሠዓሊ ተገኘች። ሥዕል የተማረች ናት፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ታፔላም ሠርታ ታውቃለች።

የመጀመሪያው ንድፍ የተለመደው ነበር፦ እጆች፣ ምድር፣ ጠብታ። እሷ ራሷ አልወደደችውም፤ ግን ኮሚቴው የጠየቀው ያንን ነው። ወረቀቱን ከስብሰባው በኋላ ቦኖው ጋ ይዛው ሄደች። ይህን ማንም አላዘዛትም። ከዚህ ሥራ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ንድፍ የሚታይበት ቦታ የስብሰባ ጠረጴዛ አይደለም። ሥዕሉ ነገ የሚናገራቸው ሰዎች ጋ ነው።

ሰልፍ ላይ የነበሩ አንድ እናት ወረቀቱን ተቀብለው አዩት።

«ቆንጆ ነው ልጄ። ምን እያለን ነው?»

«ውሃ እንቆጥብ ነው እማማ።»

«ማን? እኔ? እኔማ የልብስ እጥበቱን ውሃ ለወለል፣ የወለሉን ለሽንት ቤት ነው የማደርገው። ከዚህ በላይ ከየት አምጥቼ ልቆጥብ?»

ይህ ጥያቄ ሥራውን ገለበጠው። ልክ ናቸው። ውሃ በጀሪካን የሚቀዳ ሰው የውሃን ዋጋ በትከሻው ያውቀዋል። እሱን ቆም አድርጎ «ቆጥብ» ማለት ምክር አይሆንም፣ ድፍረት ነው። የሚባክነው ውሃ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሚያንጠባጥብ የሽንት ቤት ታንከር፣ ሞልቶ ሌሊቱን የሚፈስ ሮቶ፣ ከመሬት በታች የተበሳ ቱቦ፣ ቢሉን ከኪሱ የማይከፍል መሥሪያ ቤት። ሥዕሉ መናገር ያለበት ለእነዚህ ነው።

ውጭ አገር የተሠሩ ሥራዎችን አገላብጠን ነበር። የዴንቨር ከተማ ውሃ አቅራቢ በ2006 እ.ኤ.አ. «የሚያስፈልግህን ብቻ ተጠቀም» የሚል ዘመቻ ጀምሮ መናፈሻ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ አግዳሚ ወንበር አስቀምጧል። የማስታወቂያ ሰሌዳውንም ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው የተጠቀመው። ጎበዝ ሥራ ነው፤ መልእክቱ ራሱ ዕቃው ላይ ይታያል። ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ጣሪያ ላይ ያሉ የውሃ ታንከሮች በሥዕል ተጠቅልለው ነበር። ሁለቱም ግን የሚናገሩት ቧንቧውን ሲከፍት ውሃ እንደሚመጣ ለማይጠራጠር ሰው ነው። አዳማ ላይ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። እኛ ጋ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል፤ የሚጠማውና የሚፈስበት ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ግድግዳው

ንድፉ ገና እየተቀየረ ሳለ ሠዓሊዋ ግድግዳውን ልትመረምር መጣች። ጥር ነበር። አዳማ በጥር ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ ነፋስና አቧራ ነው። ከአጥሩ ሥር ግን ለምለም ሰርዶ በቅሏል። ከአንዱ ምሰሶ እስከ ሌላው ድረስ፣ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ። ጥበቃው በጋቸውን እዚያ ያስሩ ነበር።

በቁልፏ ልስኑን ጫር ጫር አደረገችው። ነጭ ዱቄት ተራገፈ። ያ ጨው ነው። እርጥበት ከመሬት ወደ ብሎኬቱ ሲወጣ በውስጡ የሟሟውን ጨው ይዞ ይወጣል። ውሃው በፀሐይ ሲተን ጨው ልስኑ ላይ ይቀራል፣ እየቆየም ልስኑን ከውስጥ ገፍቶ ያራግፈዋል። በጣቷ መታ መታ አደረገችው፣ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ከጉልበት በታች ያለው ልስን በሙሉ ከብሎኬቱ ተላቋል።

«እዚህ ላይ የሚቀባ ቀለም ክረምቱን አያልፍም» አለች። «ደግሞ ይህ የዝናብ ውሃ አይደለም ጋሼ። ሣሩ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ያለው?»

ጥበቃው አሰብ አደረጉ። «ኧረ ከቆየ። እኔ የተባረከ መሬት ነው እያልኩ ነበር።»

የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ሥዕላቸውን ብዙ ጊዜ በሸራ ላይ ሠርተው ነው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት። እሷም ይህን ሙያ ስለምታውቅ አንዱ ጎረቤት «አንቺም በሸራ ሥሪና ለጥፊው» አላት። እምቢ አለች። ሸራው ለጊዜው እርጥበቱን ይደብቃል እንጂ አያስቀረውም። እኛም ስለ ውሃ ብክነት የሚናገር ሥዕል ከጀርባው ውሃ እየፈሰሰ ልንሰቅል ነበር ማለት ነው። «ቧንቧው ሳይጠገን ሥዕል የለም» ያለችው እዚህ ላይ ነው።

ሌሊት የሚዞር ቆጣሪ

የውሃ ፍሳሽ መኖሩን ለማወቅ መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግም። ቆጣሪው ይበቃል። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኪዩብ ናቸው፤ አንዱ ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው። ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ይቆጥራሉ። መሃል ላይ ወይም ጠርዝ ላይ ደግሞ ትንሽ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን አለች። እሷ በጣም ትንሽ ውሃ ሲያልፍ እንኳ ትዞራለች። ግቢው ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግታችሁ እሷ ከዞረች ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፈረቃ ባለበት ሰፈር ይህ ሙከራ የሚሠራው ውሃ በመጣበት ሰዓት ብቻ ነው። ሮቶ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ሞልቶ ወደ እሱ የሚገባው ውሃ መቆሙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያለዚያ ሮቶው እየሞላ ፍሳሽ ነው ብላችሁ ግቢውን ትቆፍራላችሁ።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ ሽንት ቤቱም መጠጫውም ተዘግቶ፣ ጥበቃው በባትሪ ቆጣሪውን አበሩልን። ኮከቧ ትዞራለች። ሲነጋም ትዞራለች፤ ቀዮቹ ቁጥሮች ከማታው ተለውጠዋል።

እንዲህ ያለ ፍሳሽ ምን ያህል እንደሚበላ በምሳሌ ልስላችሁ። በሰዓት 50 ሊትር የሚያፈስ ቱቦ ብዙም አያስደነግጥም፤ መሬቱ ይጠጣዋል፣ ላይ አይታይም። በቀን ግን 1,200 ሊትር ይሆናል። 60 ጀሪካን ነው። በ80 ሊትሩ መለኪያ የ15 ሰው የቀን ውሃ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ጀሪካን ይዞ ከተሰለፈበት ቦኖ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ አጥሩ ሥር።

ታዲያ ለምን ማንም አላየውም? ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የብዙ ተቋም ችግርም ይመስለኛል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር የደንበኛው ነው። የሰፈር ቱቦ ሲፈነዳ ሰው ይደውላል፣ ውሃ ልማት ይመጣል። ግቢ ውስጥ ሲሆን ግን ባለቤቱ ግቢው ራሱ ነው። ተቋም ደግሞ ቢሉን ከበጀት ነው የሚከፍለው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ትከፍላለች፣ ርዕሰ መምህሩ ይፈርማል፣ ጥበቃው ሣሩን ያያል። ሦስቱ ነገር አንድ ቦታ አይገናኝም። ማንም ክፉ አልሠራም፤ ግን ማንም ቢሉንና ሣሩን አንድ ላይ አላየም።

የቀለሙ ገንዘብ ለቱቦ?

ከዚህ በኋላ የነበረው ክርክር የሥራው ከባዱ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ ለጥገና የያዘው ገንዘብ በዚያ ዓመት ለሌላ ነገር ወጥቶ ነበር። በጀት እስኪመጣ እንጠብቅ ከተባለ ክረምቱ ይቀድመናል። እድሩ ጋ ያለው ገንዘብ ደግሞ ለሥዕል ተብሎ በአባላት ስብሰባ የጸደቀ ነው።

«ሥዕል ብለን ሰብስበን ቱቦ ገዛን እንዴት ይባላል?» ያሉ ነበሩ። ሐሳባቸው ቀላል አይደለም። የእድር ገንዘብ ለሌላ ነገር ሲውል ሰው ቅር ይለዋል፣ ቅሬታውም ለዓመታት ይነሣል። በሌላ በኩል የሚፈርስ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ያው ገንዘቡን መጣል ነው። የእድሩ ዳኛ ጉዳዩን እንደገና ለአባላት አቀረቡት። ውሳኔው ይህ ሆነ፦ ቱቦው ይጠገን፣ ሥዕሉ ግን ከታሰበው ርዝመት ይቀንስ። አጥሩ በሙሉ መሆኑ ቀርቶ ከቦኖው ጥግ እስከ በሩ ያለው ብቻ ይሣል።

እኔ ይህንን ውሳኔ እስከ ዛሬ እደግፈዋለሁ። አሠሪ ለሥዕል ገንዘብ ሲይዝ የግድግዳውን ጤና አብሮ መያዝ አለበት። ርዕሱ ውሃ ሲሆን ደግሞ ይህ ተጨማሪ ወጪ ሊባል አይችልም፤ ዋናው ሥራ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ስለ ውሃ አሥር ሥዕል ከሚሣል፣ ሥዕል የተሣለበት አንድ ግቢ ፍሳሹ ቢደፈን ይሻለኛል።

ቁፋሮው ብዙ አልፈጀም። ሰርዶው ቦታውን ራሱ ጠቁሞ ስለነበር ቧንቧ ሠራተኛው በቀጥታ እዚያው ቆፈረ። የወጣው የድሮ የብረት ቱቦ ነው። ዝገቱ ከላዩ በቅርፊት ይነሣል። አንዱ ጎኑ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ፣ ከሱ አጠገብ ደግሞ በቀጭን ሽቦና በጎማ ቁራጭ የታሰረ ሌላ አሮጌ ቀዳዳ ነበረው። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ቆፍሮ፣ አስሮ፣ መልሶ ቀብሮታል። ያ መስመር በፕላስቲክ ቱቦ ተተካ። ማታ ቆጣሪው ታየ፣ ኮከቧ ቆመች።

ሠዓሊዋ የዛገውን ቁራጭ ቱቦ ቆራሌው እንዳይወስደው ደብቃ አስቀመጠችው።

ሥዕሉ ምን ሆነ

አዲሱ ንድፍ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ አንድ መስመር ነው። አዋሽ ከደጋው ይነሣል። አቃቂና ሞጆ ይገቡበታል፣ ቀለሙ እየደፈረሰ ይሄዳል። ቆቃ ግድብ አለ። ከዚያ ማጣሪያው፣ ፓምፑ፣ ሽቅብ የሚወጣው ቱቦ፣ የከተማው ታንከር። ከኋላ የነፋስ ማመንጫዎቹ ይታያሉ፤ አዳማ መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቃል። መጨረሻው ላይ ቱቦው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቦኖ ላይ ሰልፍ ጋ ይደርሳል። ሌላው ግቢ ገብቶ፣ መሬት ውስጥ ተበስቶ፣ ሥሩ አረንጓዴ ሣር ያበቅላል። ሣሩን የሚግጥ በግ አለ። የሰፈር ልጆች የማን በግ እንደሆነ ያውቃሉ።

በሩ አጠገብ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የውሃ ቆጣሪ ተሥሏል። ጽሑፍ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ። አማርኛው እንዲህ ይላል፦ «ቧንቧውን ሁሉ ዝጉ። ቆጣሪውን እዩ። ኮከቧ ከዞረች ውሃ እየፈሰሰ ነው።» ከዚህ ሌላ ቃል የለም። «ውሃ ሕይወት ነው» ይጨመር ያለ የኮሚቴ አባል ነበር፤ ሳይጨመር ቀረ። ጥሩም ሆነ። ግድግዳ ላይ ሁለተኛ አባባል ሲገባ የመጀመሪያው ይደክማል።

የዛገው ቱቦ ከሥዕሉ ውስጥ ገብቷል። ፍሳሹ በተሣለበት ቦታ፣ በልጅ ዓይን ቁመት፣ በብሎን ግድግዳው ላይ ታስሯል። ሹል ጠርዞቹ በሞላ ተሞርደዋል፣ ዝገቱም እንዳይራገፍ ቫርኒሽ ጠጥቷል። ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ ሁሉ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ያስገባል። መጀመሪያ ሰሞን መምህራኑ ይከለክሉ ነበር፤ በኋላ ተዉት። ከሥዕሉ ሁሉ ይበልጥ የሚያስረዳው ያ ቀዳዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቀለሙ በአጭሩ። የላላው ልስን ወርዶ፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ሳምንታት ተጠብቆ፣ እንደገና ተለሰነ። ስቱኮ አልተደረገም፤ ከቤት ውጭ ዝናብ ሲያገኘው ይነሣል። ፕራይመር ከታች፣ ከዚያ የውጭ ፕላስቲክ ቀለም። የዘይት ቀለም እርጥበት ላለበት ግድግዳ አይሆንም፣ ትንፋሹን ይዘጋዋል። ቀይ ቀለም በአዳማ ፀሐይ ቶሎ ስለሚለቅ በብዛት የተጠቀመችው ቡናማ፣ ኦክር የሚባለው የአፈር ቢጫና ሰማያዊ ነው። መወጣጫው ባሕር ዛፍ አጣና ነበር። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታና አቧራው እርጥብ ቀለም ላይ ስለሚለጠፍ ሥራው ጠዋት ጠዋት ብቻ ይሠራ ነበር።

ውሉ

እድርና ሠዓሊ በቃል ተስማምተው ሲሠሩ አይቻለሁ፤ መጨረሻው ብዙ ጊዜ ቅያሜ ነው። እዚህ ሁለት ገጽ ውል ተጻፈ። ክፍያው በሦስት ተከፈለ፦ ዕቃ መግዣው ቀድሞ፣ ዋናው ሥራው ሲያልቅ፣ ትንሹ ድርሻ ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ። ሦስተኛውን እሷ መጀመሪያ አልወደደችውም። ግድግዳው የእናንተ፣ ዝናቡ የእግዜር፣ ዕዳው የእኔ ሊሆን ነው ወይ አለች። እውነት አላት። ስለዚህ አንቀጹ ተስተካከለ፦ የተላጠው በቀለም አሠራር ከሆነ እሷ ታድሳለች፣ በእርጥበት ወይም በግንባታ ከሆነ አሠሪው ይከፍላል።

ሁለተኛው ነጥብ ስም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው የሞራል መብት ይሰጣል። ስሙ እንዲጠቀስ መጠየቅና ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲጣመም መቃወም ይችላል። ገንዘቡን የከፈለው አሠሪው ቢሆንም ይህ መብት ከሠዓሊው ጋር ይቀራል። ስለዚህ ውሉ ላይ ስሟ ከታች ቀኝ እንደሚጻፍ፣ ሥዕሉ ላይ ሌላ ነገር ለመጨመርም የእሷ ፈቃድ መጠየቅ እንዳለበት ሰፈረ።

ይህ አንቀጽ ወዲያው ጠቀመ። ቀለም የሰጡት ነጋዴ የሱቃቸው ስም ከላይ በትልቁ እንዲጻፍ ፈለጉ። ደግ ሰው ናቸው፣ ያለ እሳቸው ሥራው አይጀመርም ነበር። ግን የሱቅ ስም ከላይ ሲወጣ ግድግዳው ማስታወቂያ ይሆናል፣ ሰውም እንደ ማስታወቂያ ያየዋል። ውሉ ስለነበረ ጉዳዩ በጭቅጭቅ ሳይሆን በንግግር አለቀ። ምስጋናው በትንሽ ፊደል ከታች፣ ከእድሩ ስም ጎን ተጻፈ።

ከዚያ ወዲህ

ለውጡን በቁጥር ልለካው አልችልም፤ የሰፈሩን ቢል ማንም አልሰበሰበም። ያየሁትን ልናገር። የትምህርት ቤቱ ቢል በግልጽ ወርዷል። ርዕሰ መምህሩ የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን መምህራን ክፍል ሰሌዳ ላይ ለጥፎታል። የሒሳብ ሠራተኛዋ አሁን ቢል ሲመጣ ከባለፈው ወር ጋር ታስተያያለች። ጥበቃው ቅዳሜ ማታ ቆጣሪ ያያሉ፤ ይህ በሥራ ዝርዝራቸው ላይ ተጽፎላቸዋል።

ልጆች ቤታቸው ቆጣሪ ማየት ጀምረዋል። አንዳንዱ ቤት ኮከቧ ስትዞር ተገኝታ ጥፋተኛው የሽንት ቤት ታንከር ሆኖ ተገኝቷል። የታንከር ፍሳሽ ድምፅ ስለሌለው ማንም አያውቀውም። ታንከሩ ውስጥ ትንሽ የፈላ ቡና አፍስሳችሁ ሳትለቁት ጠብቁ። ቡናው መቀመጫው ውስጥ ከወረደ ጎማው አልቋል ማለት ነው። ጎማ መቀየር ቱቦ ከመቀየር በጣም ይረክሳል።

ያልተለወጠም አለ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት መኪና አጣቢ ልጆች ቱቦውን እንደለቀቁ ነው የሚያጥቡት። አንዳንድ ሰው «እነሱንም ሣያቸው» ይላል። አልደግፍም። ልጆቹ እንጀራቸው ነው፣ ግድግዳ ላይ ማሳፈር ደግሞ ቱቦውን አያስዘጋውም። እጀታው ሲለቀቅ የሚዘጋ አፍ ለቱቦው መግዛት ይበልጥ ይሠራል፤ እድሩ ይህንን እየተነጋገረበት ነው።

ከሥር ያለው ክፍል የባጃጅ ጭቃ ይረጭበታል። ማስታወቂያም ተለጥፎበት ነበር፤ ተነሥቷል፣ ግን ሙጫው ትንሽ ቀለም ይዞ ሄዷል። ለእድሳት የሚሆን ገንዘብ በመጀመሪያው በጀት ውስጥ አልነበረም። አሁን እድሩ በየዓመቱ መስከረም ላይ ትንሽ ይመድባል፣ ሠዓሊዋም መጥታ ታያለች።

በቅርቡ ሌላ ሰፈር ያለ አንድ ተቋም ያንኑ ሥዕል ለግድግዳው ጠየቀ። ግድግዳው ሰፊ ነው፣ ገንዘቡም የተሻለ ነው። ሠዓሊዋ ዋጋ ከመናገሯ በፊት ሁለት ፎቶ እንዲልኩላት ጠየቀች፦ ማታ ሁሉም ከተዘጋ በኋላ የተነሣ ቆጣሪ፣ ጠዋት ማንም ሳይከፍት የተነሣ ቆጣሪ። የማታው ደርሷታል። የጠዋቱን እየጠበቀች ነው።